ጋሽ ታደሰ ሲናገሩ በሁለት ይካፈላል

ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ እንደወጣ ይደርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ እንደ እኔ ሃያ ዓመት በዘጋቢነት አልሠራም ማለት ነው። ሰው ሁሉ ማጉያ ነው። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ሳይነካ የሚያሳልፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሳተላይትም እንዲሁ መሆኑን የነገረችኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር የምንተያየው መሐንዲሷ ሰብለ ናት። ሳተላይቱ ላይ ያለው ማጉያ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሠራ ምልክቱን ያጣምማል፤ ኃይሉን ቢቀንሱለት ደግሞ አቅሙ ይባክናል። ስለዚህ ሰብለ ምልክቱን ከምድር ሳይነሣ በተቃራኒው ታጣምመዋለች፤ ማጉያው ሲያጣምመው ይቃናል። በዚያችው ጠባብ ሞገድ ብዙ መረጃ ያልፋል።

“ጠማማን በጠማማ ነው፣ ጋሼ” አለችኝ።

ለሙከራዋ ጣሪያችን ላይ ዲሽ መትከል ነበረባት። ሳተላይቱን እንድትጠቀም የተፈቀደላት ሐሙስ ብቻ ነው፤ ካለፈ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። የነዋሪውን ፈቃድ የሚጠይቁላት ደግሞ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሁሉን ነገር እጥፍ ያደርጋሉ። አንድ ሌባ ቢያዩ “ሁለት ሆነው መጡ” ይላሉ። ሰብለ ታዲያ ሙያዋን ተጠቀመች። የዲሹ ስፋት መቶ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ “ዘጠና” አለቻቸው። የቀረውን እሳቸው ይሞሉታል።

እሑድ ስብሰባው ላይ ጋሽ ታደሰ ተነሡ። “ስፋቱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ነው” አሉ።

ዘጠና! ሰብለ ዞር ብላ አየችኝ። ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ግን ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ “ታደሰ ዘጠና ካለ አርባ አምስት ናት። ትሪ በያት” አሉ። ሁሉም እንደዚያው አካፍሎ ኖሮ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰብለ ለመናገር አፏን ከፈተች፣ ጭብጨባውን ሰማች፣ መልሳ ዘጋችው።

ረቡዕ ዲሹ በአራት ሰው ሸክም መጣና ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። መተላለፊያ ጠፋ።

“ይቺ ናት ትሪዋ? የማን ሰርግ ነው?” አሉ እትዬ ዘነበች ከታች።

ዓይን ሁሉ ጋሽ ታደሰ ላይ አረፈ። “የተነገረኝን ነው የተናገርሁት!” አሉ ደማቸው ፈልቶ። “የንስሐ አባቴ በዚህ ጾም ቃል እንዳልጨምር አዘውኛል። በዕድሜዬ አንድ ቀን ሳልጨምር ባደርስ፣ ይኸው!”

ሰብለ ደረጃው መሐል ቆመች። “ያሳነስሁት እኔ ነኝ። መቶ ሰማንያ ነው። እምቢ ካላችሁ አሁኑኑ ይወርዳል።”

“ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽንም፣ ልጄ?” አሉ እትዬ ዘነበች።

“ጋሽ ታደሰ ያበዙታል ብዬ።”

ደረጃው በሳቅ ተናጋ፤ ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ሳቁ። “በሉ ይውጣ፣” አሉ እትዬ ዘነበች፣ “ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት።” ዲሹ ወጣ።

ሐሙስ ሙከራው ተሳካ። ሰብለ እንደምትለው የማጉያ ጠባይ ይለዋወጣል፤ ቶሎ ቶሎ ካልለኩት ጉድ ይሠራል። ልክ ናት። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ጋሽ ታደሰን ማን ይለካ የሚለው ጉዳይ በኮሚቴው አጀንዳ ተይዟል። ስብሰባውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።