የሚሠራ ነገር አልተገኘም

ዕቃ ፈትቶ የገጠመ ሰው ሁሉ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። ይህ ሕግ በዳንግላም በሞስኮም ያው ነው። ሰው ከሰው የሚለየው በተረፈችው ብሎን ላይ በሚሰጠው ፍርድ ነው። ብልህ የሆነው «የት ረሳኋት?» ብሎ ዕቃውን እንደገና ይፈታል። እኔን የመሰለው ደግሞ «ፋብሪካው ተሳስቶ የጨመራት ናት» ይልና ኪሱ ይከታታል። እኔ ኪሴ የከተትኳቸው ሦስት ነበሩ። በእነሱ ምክንያት አንድ ደግ ሰው ታሰሩ፤ እኔም ራሴን በየሰው ቤት ስፈልግ ከረምኩ። ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ዳንግላ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሚስተር ቶማስ የሚባል ህንዳዊ የፊዚክስ መምህር ነበረን። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ስለተሸከምኩለት አንዲት የካርቶን ሣጥን አስታቀፈኝ። ውስጧ በየከረጢቱ የታሰሩ ጥቃቅን ዕቃዎችና አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ አሉ። ዕቃዎቹ ተለቃቅመው ሲገጠሙ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚልክም ሬዲዮ ይሆናሉ። ኃይሉ ከእጅ ባትሪ አምፖል አይበልጥም፤ ነገር ግን በሞርስ፣ ማለትም አጭርና ረጅም «ጥ» እያሉ ሲመቱት ባሕር ተሻግሮ ይሰማል ይላል መመሪያው። በዓለም ላይ ይህን ቤታቸው እየገጣጠሙ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ አሉ። ምን ያወራሉ ብዬ ብጠይቀው ሚስተር ቶማስ «ስለ ሬዲዮናቸው» አለኝ።

ለምን ገባሁበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዓለምን ካርታ ሳስተምር እኔ ራሴ ከጫግኒና ከባሕር ዳር ወዲያ አላየሁም። ፓሪስን በዘንግ ጠቁሜ አሳያለሁ፤ ፓሪስ ግን እኔን አታውቀኝም። አንድ ጊዜ ጥ ብዬ ባንኳኳ ምን አለበት?

ምን አለበት ማለት በዚያን ጊዜ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የሚልክ ሬዲዮ ቤቱ የተገኘበት ሰው «የምናወራው ስለ ሬዲዮናችን ብቻ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ሰርጎ ገብ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የምታነሣው እናቱ ብቻ ናት። እንዲያውም ፈርቼ ሣጥኗን አንድ ወር ሙሉ አልጋ ሥር ደብቄያት ነበር። ከዚያ ከፈትኳት። ፍርሃት ከጉጉት ጋር አንድ ቤት ሲያድር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚተኛው ፍርሃት ነው።

መመሪያው ጥሩ የብየዳ መሣሪያ ያዛል፤ እኔ የመዳብ ዘንግ በከሰል ፍም እያጋልኩ በየዳሁ። ቀጭን ሽቦ ሲጎድለኝ ኮሶበር፣ ዛሬ እንጅባራ የምትሏት፣ መንገድ ዳር ከተገለበጠ የጭነት መኪና ጡሩምባ ውስጥ ፈትቼ አመጣሁ። ከመመሪያው አንዱን ገጽ አይጥ በልቶታል። ገጹ በሽቦ ስለሚጠመጠሙ ሦስት ቀለበቶች የሚናገር ነበር፤ ከተረፈው ቁራጭ ላይ የሚነበበው «ማጣሪያ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ማጥለያ ለጠላ፣ ማጣሪያ ለመኪና ዘይት አውቃለሁ፤ ሬዲዮ ምን አተላ አላትና ነው የምትጣራው? ሦስቱንም ኪሴ ከተትኳቸው። ያለ እነሱም ስትበራ ጊዜ ሚስተር ቶማስን ልቤ ናቀው።

የቀረው አንቴና ነበር። ከእኔ ቤት ጣሪያ እስከ ጎረቤቴ አቶ ዘርጋው ጣሪያ የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ሽቦ አለ። አቶ ዘርጋው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጴንጤም ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ የሚዘምሩት ለሲንጀር መኪናቸው ብቻ ነው። በሽቦው ላይ የደንበኞቻቸውን ኮት ያንጠለጥላሉ፤ እኔም በጓሮ በኩል ቀጭን ሽቦ አያይዤ ወደ ቤቴ አስገባሁ። አላስፈቀድኳቸውም። ሽቦው እንደሆነ የኔ ነው፤ ኮቱ ምን ይሆናል?

ከትምህርት ቤት ለምሳ የምመለሰው በሰባት ሰዓት ነው። በሬን እዘጋለሁ፣ የተቀቀለ ድንቼን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እመታለሁ። የአገሬን ሰላምታ በላቲን ፊደል መምታት ስለማልችል «ዳንግላ፣ ዳንግላ፣ ዳንግላ» ብቻ ነበር የምለው። ከዚያ ጆሮዬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ። ማን ይመልሳል! የዝናብ ድምፅ የመሰለ ሹሹታ ብቻ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንዱን ዕቃ ነቅዬ በሌላ ተካሁ፣ የዞረውን አዞርኩ፣ ያልዞረውንም አዞርኩ፣ አራት የነበረውን የባትሪ ድንጋይ ስምንት አደረግሁት። ምንም የለም። በመጨረሻ ይቺ ሬዲዮ አትሠራም ብዬ ደመደምኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ግን መምታቱን አልተውኩም።

በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታከለ አንድ ሬዲዮ ታቅፎ መጣ። ጓድ ታከለ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥልጣን ከተሰጠው ጀምሮ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለዋን ተረት እንደ መመሪያ ይዟት ነበር። የውይይት ክበቡ የሰባት ሰዓቱን ዜና የሚያዳምጥባት ሬዲዮ ታማለች፤ ልክ ዜናው ሲጀምር ጥ፣ ጥጥ፣ ጥ ትላለች አለኝ። ዕቃ እንደምነካካ ሰምቷል። ከፈትኳት፣ አቧራዋን እፍ አልኩ፣ ዘጋኋት። አብረን የሰባት ሰዓቱን ዜና ሰማን፤ እንደ ውኃ ጠርታ ተናገረች። በማግስቱ ክበቡ ውስጥ እንደገና ጥ አለች። ሦስት ጊዜ አመጣት፤ ሦስት ጊዜ ቤቴ ስትገባ ዳነች። ከዚያ የሌሎቹም ሬዲዮኖች መጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ይድናሉ፣ ቤታቸው ሲመለሱ ይታመማሉ። እንደ ጠበል ሆንኩ።

አንባቢዬ አሁን በሆድህ እየሳቅህብኝ ነው። እንዴት አልገባህም ትለኛለህ። እንዴት ይግባኝ? የኔዋ እንደማትሠራ እርግጠኛ ነበርኩ እኮ! ፓሪስ ድረስ አልሰማ ያለች ማሽን የጓድ ታከለን ሬዲዮ ታሳምማለች ብሎ ማን ያስባል?

ጓድ ታከለ ግን ያስባል። ይህ አሻጥር ነው፣ የሰፊውን ሕዝብ ጆሮ ለመድፈን የተሸረበ ነው አለ። በድሮው ጊዜ ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር፤ አውጫጭኝ ይባላል። ጓድ ታከለ አውጫጭኝን ፊውዳላዊ ልማድ ነው ብሎ በስብሰባ ካወገዘ በኋላ እሱኑ «የአሻጥር አጋላጭ ኮሚቴ» ብሎ አቋቋመው። የቴክኒክ አባል ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በሙሉ ድምፅ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ቤት ለቤት ፈተሽን። የእኔ ሠፈር የደረሰው ለእኔው ስለነበር የራሴንም ቤት ራሴው ፈተሽኩ። ያቺ ጉደኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ አየኋት፣ አዘንኩላት፣ በቅጹም ላይ «የሚሠራ ነገር አልተገኘም» ብዬ በእውነት ፈረምኩ። ፍተሻው አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ምሳዬን የምበላው በየሰው ቤት ስለነበር አልመታሁም፤ ሬዲዮኖቹም ዳኑ። ጓድ ታከለ ጠላት ደነገጠ አለ። አምስተኛው ቀን ቤቴ ገብቼ ድንቼን ይዤ መታሁ። ጠላት ተመለሰ።

በሳምንቱ ጓድ ታከለ ቢሮው ጠርቶኝ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ድምፁን ቁጭ ብሎ እየሰማ አጭሩን በነጥብ፣ ረጅሙን በጭረት መዝግቦታል። የቴክኒክ አባል ነህና አንብበው አለኝ። አነበብኩት። ዳንግላ ይላል። ዝቅ ሲል ዳንግላ ይላል። ከዚያም ዝቅ ሲል ዳንግላ። ያቺ ማጣሪያ የተባለች ነገር ድምፄ ከመንገዱ ወጥቶ የሰው ጣቢያ ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክል ኖራለች ለካ! ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። አልገባኝም አልኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ እውነት ነበር።

ቤቴ ሄጄ በዚያችው ሰዓት ሁሉንም ልነቃቅል አስቤ ነበር። ስደርስ ግን የአቶ ዘርጋው በር ታሽጓል። የኮሚቴው ሽማግሌ አያ ፈጠነ በአገውኛ፣ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ «ሬዲዮ ይዘን ወደ ልብስ ሰፊው ቤት በተጠጋን ቁጥር ጥጥታው ይብሳል፤ ከጣሪያውም ሽቦ አለ» ብለዋል። ሰውዬው ጴንጤ፣ ከጣሪያው ሽቦ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወደ ቀበሌ ወስደዋቸዋል፤ ሰኞ ወደ አውራጃ ይላካሉ ተባለ። ያኔ ወደ አውራጃ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም፣ አልረገሙም። «መምህር፣ የኔስ ግድ የለም፣ ጌታ ያውቃል» አሉኝ። «የሰው ልብስ ግን ታሽጎበታል። የአንተም ሱሪ እዚያው ነው፤ እግሩን አሳጥሬልሃለሁ።» አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ ብናገር እኔ ጠፋሁ፣ ዝም ብል እሳቸው ጠፉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

እሑድ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ራሱን ይወቅሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። አንዱ ንቃቴ ዝቅተኛ ነው ይላል፣ ሌላው ንዑስ ከበርቴያዊ ስንፍና አለብኝ ይላል። እውነት ያደረገውን ነገር የተናገረ ሰው ግን እኔ እስከማውቀው አልነበረም። አቶ ዘርጋውም ከሁለት ጠባቂ ጋር ጥግ ላይ ቆመዋል። ተነሣሁ። «ጓዶች፣ ሬዲዮናችሁን ያሳመምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማሽኑ ያለው እኔ ቤት ነው። ሽቦውም የኔ ነው። አቶ ዘርጋው የሚያውቁት ነገር የለም።» ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

ተጨበጨበ። ያውም በደማቁ። ጓድ ታከለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሣና፣ የቴክኒክ አባላችን ጠላትን ባለማግኘቱ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ወሰደ፣ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው አለ። የለም፣ የምሬን ነው፣ ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ኑና እዩ ብዬ ጮህኩ። ጓድ ታከለ ፈገግ ብሎ ቅጹን አነበበልኝ፤ ያንተ ቤት እኮ ተፈትሿል፣ የሚሠራ ነገር አልተገኘም፣ ፊርማውም ያንተው ነው አለኝ። ሰው ሁሉ በትሕትናዬ ተደነቀ። አያ ፈጠነ ተነሡና እሳቸውም ሬዲዮውን እንዳበላሹ ተናገሩ። ከእሳቸው በኋላ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊዋ አበላሸሁ አለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው ያችን ሬዲዮ አበላሸ። በመጨረሻ ተራው የአቶ ዘርጋው ሆነ። «እኔ አላበላሸሁም» አሉ።

ጓድ ታከለ ተጨነቀ። አሥራ ስምንት ሰው ባመነበት ጥፋት አንድ ያላመነን ሰው ወደ አውራጃ መላክ ለሪፖርት አይመችም። ስለዚህ አቶ ዘርጋው ግለ ሂስ ባለማድረጋቸው በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ማሽኗን ነቃቅዬ ሽንት ቤት ከተትኳት። ሰኞ ሬዲዮኖቹ ሁሉ ጠርተው ተናገሩ። ጓድ ታከለም በግለ ሂስ ኃይል ሬዲዮ እንደዳነ ለበላይ አካል ጻፈ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። በወሩ የቀበሌው ማኅበር ወፍጮ ቆመ። ሜካኒክ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ ስብሰባ ተጠራ፤ ልምድ አለህና ጀምር ተባልኩ። ምን ላድርግ? ተነሣሁና ወፍጮውን ያቆምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሌሎቹ አሥራ ሰባትም ተከተሉኝ። አቶ ዘርጋው አላቆምኩም አሉ። ተያይዘን ሄደን ሞተሩን ብናስነሣው አልነሣ አለ።

ጓድ ታከለ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር» አለኝ፣ ቅር ብሎት። «የሬዲዮው ጊዜ ከልብህ ነበር የተናገርከው። ያሁኑ ግን ውሸት ውሸት ይሸታል።»

ለዚህም ግለ ሂስ አደረግሁ።