ቀን አንድን ያላለፈው መፈልፈያ

እናት የሆነ ሰው ዝም ያለ ነገር አያምንም። ልጄ ተኝቶ ትንፋሹ ካልተሰማኝ ቀስ ብዬ አፍንጫውን ነካ አደርጋለሁ። ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ቁልፍ ያለው ማሽን ይሰጣል?

የባሌ ታናሽ ወንድም ምናሉ ግን ሰጠኝ። ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ቢያጣ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ሠርቶ አዘዞ እኛ ጓዳ አስቀመጠው። ስንት ጎረቤት ለምኜ የሰበሰብኳቸውን አርባ እንቁላሎች በሚካኤል ዕለት አስገባሁ። ከተፈለፈሉ የራሴ ሥራ ኖረኝ ማለት ነው፤ ከተበላሹ ደግሞ የሰፈሩ መሳቂያ እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ምናሉ እንዳስረዳኝ መጀመሪያ የሚነቃው ዘበኛው ፕሮግራም ነው፤ ቁልፉ እስኪጫን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሲጫን መነሻ ኮድ የሚባለውን ይጠራል። መነሻ ኮዱ እንደ አዲስ ሙሽራ ቤቱን ይጠርጋል፣ ዕቃውን በየቦታው ያኖራል፣ ከዚያ ዋናውን ፕሮግራም «በል ሥራህን ጀምር» ይለዋል። የዋናው ሥራ ማሞቅ፣ እንቁላል ማገላበጥና ጫጩት እስኪወጣ ሃያ አንዱን ቀን መቁጠር ነው። አሥራ ስምንተኛው ቀን ላይ ማገላበጡን ያቆማል፤ ልትወጣ የተዘጋጀች ጫጩት መናወጥ የለባትማ! «እቴ፣ ቁልፉን ዛሬ ብቻ ተጫኚው፤ መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለው» ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ ብቻ! መች አስችሎኝ? መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ተነስቶ ይሆን እያልኩ ጠቅ። ልጄን አጥቤ ስመለስ ጠቅ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች የእኔን ጣት አላዩም።

ለካስ በተጫንኩት ቁጥር ያ መነሻ ኮድ ቤቱን ሲጠርግ የተቆጠረውንም ቀን አብሮ ይጠርገዋል!

ምናሉ በወሩ መጨረሻ፣ በባለ እግዚአብሔር ዕለት መጥቶ ስክሪኗን ቢያያት «ቀን 1» ትላለች። ምነው፣ ሌላ እንቁላል አስገባሽ እንዴ? አለኝ። በሚካኤል የገቡት ናቸው አልኩት። በጣቱ ቆጠረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ዛሬ አሥራ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ማሽኑ ግን ገና እንደ ቂጣ ያገላብጣቸዋል! የማገላበጫውን ሽቦ በጥርሱ ሊበጥሰው ምንም ሳይቀረው በእጁ ነቅሎ ማገላበጡን አስቆመው። ስንቴ ነው የተጫንሽው? ሲለኝ፣ ውሸት አልወድም፣ እኔም አልቆጠርኩም አልኩት። ቁልፉን ነቅሎ በኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲያ አራት ቀን እህል በአፌ አልዞር አለ። ቁልፍ የለ፣ ምን ልነካ? ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ስውል ልጄ እንኳ ታዘበኝ።

በበኣታ ዕለት ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ሠላሳ አንድ ጫጩት! ምናሉ ደስታውን ትቶ፣ ኮዱ ቆጠራውን መጥረግ አልነበረበትም እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ግን ጫጩቶቹን አዩ፣ ስክሪኗ ላይ የተጻፈውን «ቀን 5» አዩ፣ ወደ እኔ ዞረውም፣

«እሰይ ልጄ፣ እንኳን ፊደል አልቆጠሩ! ይህን ቢያነቡ መች ይወጡልሽ ነበር?» አሉኝ።