ደብረ ማርቆስ ቴክኖሎጂ ሀብ

(ደብረ ማርቆስ፣ ረፋድ ላይ። ደምለው አዲስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የሞባይል ጥገና ሱቁ በር ላይ መሰላል ደግፏል። መሰላሉ ላይ ያለው የአጎቱ ልጅ እንዳላማው ነው። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲቆጥር ከርሞ የመጣ፣ አሁን ሱቁን እየከፈተና እየዘጋ የሚያግዘው። መዶሻ ይዞ «ባነሩን አልሰቅልም» ብሏል። ስድስት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ኮሚቴ መጥቶ የሀገሪቱ የቴክኖሎጂ ማዕከል የሚሆን ከተማ ይመርጣል። የማዕከሉ ኃላፊ የሚሆነው ደግሞ ደምለው ነው፤ ይህን ያለው ራሱ ደምለው ነው።)

እንዳላማው፦ አልመታም! ይሄን ምስማር አልመታም አልኩህ አያ ደምለው!

ደምለው፦ ሰው ሊመጣብን ነው፤ ምታ!

እንዳላማው፦ ያሳፍራላ! ከተማችንን ለማኝ አድርገህ ጽፈሃታል።

ደምለው፦ የቱ ጋ ነው ለማኝ የሚለው?

እንዳላማው፦ (በጣቱ እየተከተለ) «ደብረ ማርቆስ... ቴክኖሎጂ... ሀብ።» ሀብ ማለት ስጥ ነው። ጸሎት ላይ «ሀበነ» ስንል ስጠን ማለታችን አይደል?

ደምለው፦ ኧረ ይሄ ግዕዝ አይደለም! እንግሊዝኛ ነው!

እንዳላማው፦ በእንግሊዝኛም ይለመናል?

ደምለው፦ ሀብ ማለት ማዕከል ነው! ኮምፒውተሩ ወደኛ ይመጣል፣ ባለሀብቱ ወደኛ ይመጣል፣ ሁሉ ነገር ወደኛ ይመጣል።

እንዳላማው፦ እኮ፣ ሁሉም እንዲያመጣልን ነው። ታዲያ ከልመና በምን ተለየ?

ደምለው፦ (መሰላሉን ይነቀንቃል) ትመታለህ አትመታም?

እንዳላማው፦ እሺ፣ እሺ! (ምስማሩን ይመታል) ጠዋት አንዲት ሴትዮም እንዲሁ...

ደምለው፦ የሴትዮ ወሬ አሁን አታምጣብኝ! ይልቅ ኮሚቴው ከጠየቀህ «ኔትወርካችን አስተማማኝ ነው» በል።

እንዳላማው፦ ኔት ወርቅ? ወርቁንስ ሰማሁ፤ ሰሙ የት አለ?

ደምለው፦ አይ ያንተ ነገር! እንግዲያው «ዳታችን ያለው ክላውድ ላይ ነው» በልና ዝም በል።

እንዳላማው፦ ክላውድ ምንድን ነው?

ደምለው፦ ደመና።

እንዳላማው፦ (ወደ ጮቄ ተራራ አሻግሮ ያያል) እዚያ ላይ? አያ ደምለው፣ ሐምሌ ሲገባ ይዘንባል እኮ! የሰው ምስጢር ሁሉ ጉንደ ወይን ከተማ ላይ ወርዶ፣ ሰዉ በባልዲ ሲቀዳው አይታይህም?

ደምለው፦ አይዘንብም! ሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨር ደግሞ ቀዝቃዛ አገር ይወዳል። እኛ ብርድ አለን!

እንዳላማው፦ ብርድማ ሞልቶናል። ተመስገን፣ የምንሰጠው ነገር ተገኘ።

(ደምለው ተናደደ። ሌሊቱን ሙሉ ንግግሩን ሲለማመድ ያደረ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን አንድ እንዳላማው ብቻ ሆነ።)

ደምለው፦ ስማ! ከተማ ስም የሚያወጣው በመስጠት አይደለም፤ በፕሮፖዛል ነው! አርባ ገጽ ጽፌያለሁ። ሕንፃ ይሠራልን፣ ፋይበር ይዘርጋልን፣ ጀኔሬተር ይገዛልን፣ ኃላፊ ይመደብልን፤ እሱም ደምለው ይሁንልን።

እንዳላማው፦ ሴትዮዋም ይሄንኑ ነው ያለችው። «የደረስንበት ሁሉ ስጡን፣ ስጡን...»

ደምለው፦ ሴትዮዋ፣ ሴትዮዋ! ማናት እሷ?

እንዳላማው፦ ወይዘሮ ፀደንያ እባላለሁ አለች። ከአዲስ አበባ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር፣ በነጭ መኪና።

(ደምለው መሰላሉን ይለቃል። እንዳላማው ባነሩ ላይ ይንጠለጠላል።)

ደምለው፦ ኮሚቴው! ኮሚቴው መጣ?

እንዳላማው፦ መጥቶ ሄደ እንጂ! መሰላሉን ያዝ!

ደምለው፦ (እየያዘ) መቼ?

እንዳላማው፦ ከቀጠሮው ቀድመው በማለዳ፣ አንተ ፀጉርህን ልትስተካከል ስትሄድ። ስንቴ ልነግርህ ጀመርኩ፤ መቼ አስጨረስከኝ?

ደምለው፦ አለቀልኝ! በል ንገረኝ፣ ምን ዘባረቅህ?

እንዳላማው፦ ምን እዘባርቃለሁ? «ሀብ መሆን ትፈልጋላችሁ?» አለችኝ። እኔ ስጥ ያለችኝ መስሎኝ «ምን ልስጣችሁ?» አልኳት።

ደምለው፦ ወይ ጉዴ! ወይ እኔ!

እንዳላማው፦ ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። «ስምንት ከተማ ዞርን፤ ምን ልስጣችሁ ያለን አንተ ብቻ ነህ» አለች። ተመረጥን!

ደምለው፦ ማ? ደብረ ማርቆስ?

እንዳላማው፦ አዎ! «የጎደለን መጀመሪያ የምናርፍበት ቤት ነው» አሉ፤ እሱም ወዲያው ተሰጠ። ለሁለት ዓመት፣ በነፃ።

(ደምለው በደስታ ይዘላል። መሰላሉም አብሮት ይዘላል።)

ደምለው፦ በነፃ? በዚህ ዘመን? ይሄማ ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው! ቤቱስ ደህና ነው?

እንዳላማው፦ መንገድ ዳር ነው። መብራት አለው። ብርዱም አይጠላም።

ደምለው፦ ሐውልት ይቁምለት! አሁኑኑ ውሰደኝ፣ እጁን ካልሳምኩ ሞቼ እገኛለሁ! ቆይ... ኃላፊውስ ማን ሆነ?

እንዳላማው፦ እኔን አሉ። ቁልፉ እኔ እጅ ላይ ስለነበረ።

ደምለው፦ የምን ቁልፍ?

(እንዳላማው ኪሱን ዳብሶ አንድ ቁልፍ ያወጣና ያንጠለጥላል። ደምለው ቁልፉን አወቀው፤ ያስቀረጸው ራሱ ነው። ቀስ ብሎ የሱቁን በር ያያል።)

እንዳላማው፦ በል እንግዲህ አያ ደምለው፣ አትፈር። የገዛ እጅህን ሳም።