ገበር ያለው አረንጓዴ ካፖርት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሰው ስሸጥ አደርኩ። አትደንግጡ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ ሾላ ገበያ ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ ረድኤት በስልኳ በምትጫወተው የኦንላይን ጌም ውስጥ የልብስ ሱቅ ከፈተችልኝ። እዚያ ጌም ውስጥ የሚዞሩት ሰዎች እንደ እኛው ልብስ ገዝተው ይለብሳሉ። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ በጣቷ ትስላለች። የመጀመሪያው ሥራችን አረንጓዴ ካፖርት ነበር።

"ገበሩን እንዳትረሺ" አልኳት። "በጎኑ ስፌት ውስጥም ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተዪ፣ ሰውዬው ሲወፍር ይሰፋለታል።"

"እማዬ፣ ጌም ውስጥ እኮ ሰው አይወፍርም! ገበሩንስ ማን ያየዋል?"

"ገበር የሌለው ካፖርት ከእኔ እጅ አይወጣም።" አበቃ። እየተነጫነጨች ሳለችልኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ከእኛ አልገዛም። እንኳን ሊገዛ ዋጋ የጠየቀም የለ። ነጋዴ የሆነ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ገዢ፣ አስጀማሪው ካልመጣ እጅ እንደታሰረ ነው። ጎረቤቴ ደምሰው ደግሞ አለ፣ ልባሽ ጨርቅ ሻጩ፣ በየፋሲካው ሱሪውን የማሰፋለት ቦርጫም። ጠዋት ጠዋት በራፌ ላይ ይቆምና "የሺዬ፣ ዛሬስ ጀመርሽ?" ይለኛል። "ለሌለ ሰው የሌለ ልብስ!" ብሎ ይስቃል። ትናንትም እንደዚያው ብሎኝ ብግን ብዬ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ ጌሙ ውስጥ ገባሁ። ሰማዩ እግሬ ሥር ነበር። ቁልፍ ይዘንባል፣ ባለ አራት ቀዳዳው የሸሚዝ ቁልፍ። ሱቄ ግን ያው የሾላው ሱቄ ነው። ማንጠልጠያዎቹ ላይ ልብስ የለም፤ ሰዎች ተሰቅለዋል፣ ጸጥ ብለው። በመንገዱ የሚሄዱት ልብሶች ናቸው። ሸሚዝ ከሸሚዝ ጋር ያወራል፣ ጃኬቶች ታክሲ ይጋፋሉ።

አንድ ሱሪ ገባና ከተሰቀሉት አንዱን ሰውዬ ወደ መስታወቱ ወሰደው።

"እግሩ ረዘመብኝ" አለ። "ታሳጥሪልኛለሽ?"

"እኔ የማሳጥረው ሱሪ ነው!"

"ምን ዓይነት ሱቅ ነው ይሄ?" ብሎ ወጣ።

ከዚያ የገበያው ተቆጣጣሪ መጣ። በግ ነው። የናይለን ኮት ለብሷል።

"ምነው ናይለን?" አልኩት።

"ሱፍ ይበላኛል" አለኝ። ቀጥሎ ግንባሩን ወደ እኔ አቀረበ። "እባክሽ እመቤቴ፣ ማኅተም ምቺልኝ። ሦስት ቀን ተሰልፌ ነው።"

መታሁለት። በደስታ አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ግን ኮስተር አለ። "በይ አሁን ወደ ሥራዬ። ፀሐይ በምሥራቅ ስትጠልቅ ያልጀመረ ሱቅ ከነባለቤቱ ይጠፋል።"

ዞር ብዬ ባይ ፀሐይዋ ምሥራቅ ልትገባ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ጫማዬን ባየው የለም። እግሬ ከታች ወደ ላይ በላጲስ እንደሚጠፋ ሥዕል እየጠፋ ነው። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። በራፌ ላይ ቆሜ ጮህኩ።

"ኧረ በናታችሁ አስጀምሩኝ! ኧረ አንድ አስጀማሪ!"

ዘወር ብሎ ያየኝ የለም። ኋላ ከግርግሩ መሃል አንድ አረንጓዴ ካፖርት እየተንጎማለለ መጣ።

"አወቅሽኝ?" አለኝ።

"የእጄን ሥራ አላውቅም እንዴ!"

ካፖርቱ መንገዱ መሃል ቆመና ራሱን ገልብጦ ገበሩን አሳየ። ገበያው ቀጥ አለ።

"ውስጥ አለው!" አለች አንዲት ጉርድ ቀሚስ። "እኛ እኮ ፊት ብቻ ነን!" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"በይ ሰው ስጪኝ፣ ላስጀምርሽ" አለኝ ካፖርቱ። የተሰቀሉትን አንድ በአንድ ዳሰሳቸውና መጨረሻው ላይ ቆመ። ደምሰው! ግንባሩ ላይ "ቅናሽ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

"የሺዬ፣ በናትሽ አትሽጪኝ! ጎረቤትሽ አይደለሁም?"

"ጀመርሽ ወይ ስትለኝ አልነበር? ዝም በል፣ ልጀምር ነው።"

ዋጋ ላይ ተጨቃጨቅን። ካፖርቱ "ሁለት ሺህ" አለ። "አይሆንም፣ ሦስት መቶ ይበቃል" አልኩት። "አራት ሺህ፣ የመጨረሻዬ ነው!" "ለአንተ ስል፣ ሁለት መቶ።" ተናዶ ወጣ፤ በራፉ ላይ ግን እስክጠራው ቆሞ ጠበቀኝ። ጠራሁት። በመቶ ተስማማን።

"መቶ ብቻ?" አለ ደምሰው። ከልቡ ነው ያዘነው።

ካፖርቱ ደምሰውን ሊለብስ ሞከረ። ትከሻው ገባ፣ ክንዱ ገባ፣ ቦርጩ ላይ ሲደርስ አልዘጋ አለ! ፀሐይዋ ጠርዟ ብቻ ቀርቷል፣ እኔ እስከ ወገቤ የለሁም። መቀሴን አንስቼ የጎኑን ስፌት ፈታሁት። ያቺን ሁለት ጣት ጨርቅ ጎትቼ አወጣኋት፣ ረድኤት ምን ያደርጋል ያለችኝን! መልሼ ሰፋሁት። ቁልፉ ገባ።

"ልክ!" ብሎ ጮኸ ካፖርቱ።

እግሬ ተመለሰ፣ ከነጫማዬ። እልልታው ቀለጠ። እጅጌዎች አጨበጨቡ፣ ሱሪዎች እስክስታ ወረዱ፣ በጉ ናይለኑን አውልቆ ወረወረና "ለእኔም ገበር!" እያለ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ሰልፉ መገናኛ ደርሷል። ያን ቀን እኔን የሚያህል ነጋዴ የለም! "ተራ ያዙ፣ አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል" እያልኩ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል ሳደርግ፦

"እማዬ! እማዬ ተነሺ! ጀመርሽ!"

ነግቷል። ረድኤት ስልኳን ይዛ አልጋዬ ላይ ትዘላለች።

"ካፖርቱ ተሸጠ! አረንጓዴው!"

"ማን ገዛው?"

ሳቋን አፍና ስልኩን ሰጠችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አደረግኩ። ከዚያ ሁሉ ቀጫጭን የጌም ሰው መሃል ራሱን ቦርጫም አድርጎ የሠራ አንድ ሰውዬ ካፖርቴን ለብሶ ቆሟል። ቁልፉ አልዘጋ ብሎታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ረድኤትዬ፣ ገበሩ ግሩም ነው። ሆዴ ላይ ግን ጠበበኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ጋሽ ደምሰው።"

"ምን ብዬ ልመልስለት?" አለችኝ።

"ሁለት ጣት ትቼለታለሁ በይው።"