የሻርክ ቆጠራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ዛሬ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው አስደነገጥኩ! በስልሳ ስምንት ዓመቴ!

ልጄ ሰላማዊት እዚህ ቶራንስ ከተማ ኦፊስ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሻርክ አጥኚዎች ጋር ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። በነፃ! ሻርኮቹ እንዳያልቁ ይቆጥሯቸዋል፣ ፎቶ ያነሷቸዋል። ሰው ከሻርክ ይሸሻል፣ የእኔዋ ፍለጋ ትሄዳለች።

ዛሬ ፈተናዋ ነበር። ካለፈች ቋሚ ጠላቂ ትሆናለች።

"እማዬ፣ ጀልባው ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂኛለሽ። ምንም ነገር አትንኪ፣ ኦኬ?" አለችኝ።

ምንም አልነካሁም። እውነቴን ነው!

አራት ሆነው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ውሃው ከላያቸው ተከደነ።

አርባ ደቂቃ! ሻርክ ካለበት ውሃ ልጃችሁን አርባ ደቂቃ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ?

የቅዳሜውን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ጨርሼ የእሁዱን ጀመርኩ። የሰኞው ላይ ስደርስ ሰላማዊትና አብራት የገባችው ልጅ ብቅ አሉ።

ከዚያ ወዲያ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

"እልልልልልል!"

ጀልባው ላይ እልልታ የሚያውቅ ሰው የለማ! ካፒቴኑ ልጄን ሻርክ የነከሳት መሰለው። የብረት መሰላሉን በመዶሻ ይደበድብ ጀመር። ታች ላሉት "ሥራ አቁማችሁ ውጡ" ማለት ነው።

የቀሩት ሁለቱ ወጡ። አንዲት ትልቅ ሻርክ ፎቶ እያነሱ ነበር አሉ። እሷም ደንግጣ ሄደች።

የቡድኑ መሪ "ምን ተፈጠረ?" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ፤ ምን ዋጋ አለው!

ሰላማዊት ገና ውሃው ውስጥ ሆና አስረዳቻቸው። ሥራው ተቋረጠ፣ ፈተናዋም ለሚመጣው ቅዳሜ ተላለፈ።

ስንመለስ እሷ ድራይቭ ታደርጋለች፣ እኔ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል እፈልጋለሁ። ሃውቶርን፣ ቤታችን እስክንደርስ አላገኘሁም።

እሷ ቀደመችኝ። "እማዬ፣ ስመረቅ እንኳን እልል አላልሽልኝም እኮ።"

"ስትመረቂማ ወንበር ላይ ነበርሽ" አልኳት።

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገች። እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ለፈተናዋ ቀን አሁንም ነይ ብላኛለች። ሶ፣ እልልታን በሆዱ ብቻ ማለት የቻለ ሰው አለ? ካለ ያስተምረኝ፣ አንድ ሳምንት አለኝ!