የልጄን ደብዳቤ ለልጄ ስገለብጥ

ኬላ ላይ ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል ሲባል የሰማሁት፣ ለልጄ የጻፍኩትን መልስ እሱ ወዳለበት ወደ ሰቃ ለምትሄደው ነጋዴ ለዘይነባ ከሰጠሁ በኋላ ነው።

መልስ ሲጽፍ የተጻፈለትን ሁሉ መልሶ የሚገለብጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ስንማር ጎበዝ የሚባለው ከሰሌዳው አንድ ቃል ሳያስቀር የሚገለብጥ ነበር። ደግሞስ ጨዋ ሰው የተጻፈለትን እየዘለለ ይመልሳል እንዴ? «ደህና ነኝ ላልከው፣ ተመስገን» ብዬ ጀመርኩና መስመር በመስመር ወረድኩ። «ከውትድርናው ሸሽቼ አክስቴ ቡና መጋዘን ውስጥ ተደብቄአለሁ ላልከው፣ ብርድ እንዳይመታህ» ብዬም ጻፍኩለት። ፈላጊዎቹ ከዚህ በላይ ምን ይሻሉ?

እየሮጥኩ መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል።

«ዘይነባ፣ ደብዳቤዬን መልሽልኝ!»

«ያ አላህ! ምን ረስተሽ ነው?»

«ምንም አልረሳሁም፤ ጥፋቴ እሱ ነው!»

ከመቀነቷ ፈትታ በመስኮት ሰጠችኝ። «አብሽሪ። ታዲያ ልጁን ምን ልበለው?»

«እናትህ ደህና ናት በይልኝ።»

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ ናፍቆቴ አብሮ ነደደ፤ እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጄ ግን አልተያዘም፤ እኔም ተርፌአለሁ።