ሰላምታ የሚዘል ፓስተር

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ያለ አስተማሪ ዘልቄዋለሁ። ሰበታ ውስጥ የሚስተካከለኝ ሽማግሌ ካያችሁ ጠቁሙኝ። ለመሆኑ ሰላምታ የሚዘል ሰባኪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ነገረ መለኮት የሚያስተምሩት ኮሪያዊ ፓስተር እንዲያ ናቸው። በአገራቸው ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ ነው፤ የገዛ ልጃቸውም ቀርቷል። ሲደውሉለት ቶሎ ይዘጋባቸዋል፤ ይህ ያስለቅሳቸዋል።

«መጀመሪያ ምን ይሉታል?» አልኳቸው።

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ ወይ?»

«ኧረ በጌታ! እኛ ጋ በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ‹አካም ጅርታ፣ ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና› ሳይል ዋጋ አይጠይቅም!»

«ልጄ ከብት የለውም፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው ስለ ምሳው ይጠይቁት!»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አስደወልኳቸው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ምሳው ጠየቁት። ልጁ «አባባ፣ አመመህ እንዴ?» ማለቱን ተረጎሙልኝ። ቀጥሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሁልጊዜ ብቻውን እንደሚበላ ነገራቸው። ፓስተሩ ስብከት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ክርናቸውን ያዝኳቸው።

እንግዲህ ሥራዬን ቁጠሩልኝ፦ ለነገረ መለኮት ዶክተር ሰላምታ አስተማርኩ፤ ሰባኪ ስብከቱን እንዲውጥ አደረግኩ፤ ቋንቋውን የማላውቀውን ልጅ ባሕር ማዶ አሳቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ገና አላስገባሁትም። «አባባ፣ ነገም ደውልልኝ» ግን አሰኝቼዋለሁ።